የሞቷን ብር በቁሟ የጠየቀች እኅቴ

የታላቅ እኅቴ ሙት ዓመት ደረሰ። ፊደል ብዙ ስላልገፋሁ አንድ ነገሯን ብቻ እጽፋለሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ትል ነበር፤ የሆዷን በሆዷ አትይዝም።

የጡት ካንሰር ይዟት ጎንደር እየተመላለሰች ስትታከም፣ ሕክምናው ሳያልቅ የመሳፈሪያና የማደሪያ ብሯ አለቀ። በሬዬን ልሽጥ ብላት «ወንድምዓለም፣ በምን ልታርስ ነው? በጥርስህ?» ብላ ተቆጣችኝ። እሑድ ደባርቅ በእድራችን ስብሰባ ላይ ብድግ አለች።

«ስሞት ለድንኳንና ለንፍሮ የምታወጡልኝን አሁን ስጡኝ። ያኔ ያለ ድንኳን ቅበሩኝ።»

ሰው አማተበ። እኔም አፍሬ ነጠላዋን ጎተትኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሳትሞቺ የሞት ብር?» አሉ የእድሩ ዳኛ።

«ከሞትኩማ ጎንደር ምን ላደርግ እሄዳለሁ፣ ጋሼ?»

ዳኛው ራሳቸው ሳቁ። ተማከሩና ሰጧት። ሕክምናዋን ጨርሳ ስድስት ክረምት አብራን ኖረች። ስትሞትም እድርተኛው ቃሏን እምቢ ብሎ ድንኳን ተከለላት።

አሁን ከሴቶቹ አግዳሚ ላይ ቦታዋ ክፍት ነው፤ እዚያ ማንም አይቀመጥም። ባለፈው ስብሰባ ግን ከዳባት ተድራ የመጣች አንዲት ሴት ተነሥታ፣ ጡቷን እንደምትታከምና እጇ እንዳጠረ እየፈራች ተናገረች። ዳኛው ገና የደንቡን መዝገብ ሳይገልጡ እኔ «ይሰጣት!» አልኩ። አንድም ሰው አልተቃወመም።

«ልጄ፣ መቼ ነው የምትሄጂው?» አልኳት።

«ማክሰኞ፣ አባባ።»

ማክሰኞ በማለዳ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት።