ክርስትና ያነሳኋት ልጅ

መካነ ሰላም ውስጥ ካቶሊክ ነኝ ብሎ መልሱን በዚያው መጨረስ አይቻልም። «ጴንጤ ነሽ?» ይሉኛል። አይደለሁም። «ታዲያ ማተብሽ የታል?» ይላሉ። አስተማሪ ነኝና አስረዳለሁ። ሰዉም ክፉ አይደለም፣ ሰምቶኝ ያልፋል። ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

ክርስትና ያነሳኋት ልጅ የባልደረባዬ ልጅ ናት። እናቷም እንደ እኔ በሥራ ምክንያት ከደቡብ የመጣች ናት። እዚህ ከተማ ካቶሊኮቹ በጣት የምንቆጠር ነን፤ ለቅዳሴ የምንሄደው ደሴ ነው። አንድ ቀን ልጅቷ አንገቷ ላይ ጥቁር ክር አስራ መጣች።

«ማን አሰረልሽ?»

«ራሴ። ጥያቄው ሰለቸኝ እኮ!»

ነደደኝ። ክሩማ ምን አደረገኝ? ሰው እንዳይጠይቃት ብላ ማሰሯ ነው ያንገበገበኝ። ሕፃን ሳለች ታቅፌያት ስለ እምነቷ ኃላፊነት የወሰድኩት ለወግ ያህል አልነበረም።

እልህ ያዘኝ። ለመጀመሪያ ቁርባን ላደርሳት ቆረጥኩ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ እየጠራሁ ጸሎተ ሃይማኖቱን፣ ምስጢራቱን፣ የኑዛዜውን ሥርዓት አስጠናኋት። ጎበዝ ናት፣ አንዴ የሰማችውን አትረሳም። እናቷ «አታጨናንቂያት» ስትለኝ «አንቺ ወለድሽ፣ እኔ አነሳሁ፤ ተይኝ» አልኳት።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደሴ ይዣት ሄድኩ። ቄሱ ሽማግሌ ናቸው። አስቀመጡንና ልጅቷን መጠየቅ ጀመሩ። ቁርባን ምንድን ነው አሏት፤ እኔ መለስኩ። ከማን ጋር ትጸልያለሽ አሏት፤ «ከእኔ ጋር» አልኩ። ክሯን አይተው «ይሄስ?» ቢሏት «የልጅነት ነገር ነው አባ፣ ታወልቀዋለች» አልኩ። መነጽራቸውን አወለቁና አዩኝ።

«ልጄ፣ እስቲ አንቺ ውጭ ጠብቂን።»

እኔ የሚረብሽ ተማሪ ከክፍል እንደማስወጣው አስወጡኝ። ግቢው ውስጥ እየተንጎራደድኩ በንዴት ጨስኩ። ያን ሁሉ እሁድ የለፋሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?

ልጅቷ ስትወጣ ሮጬ ተቀበልኳት።

«ምን ጠየቁሽ?»

«መቁረብ ትፈልጊያለሽ ወይ አሉኝ።»

«ምን አልሽ?»

«እትዬ ስለፈለጉ ነው የመጣሁት አልኳቸው።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም። «ቢዘገይ ምንም አይደለም፣ እስክትፈልጊ ድረስ ያልገባሽን ጠይቂ አሉኝ። እኔም እጠይቃለሁ አልኳቸው።»

በመመለሻችን ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። አቧራው ሲያስለን፣ መንገዱ ሲያንገጫግጨን ቆየና ወደ እኔ ዞር አለች።

«እትዬ፣ እርስዎ ግን መቼ ነው ያመኑት?»

አፌን ከፈትኩ። የመጣልኝ ጸሎተ ሃይማኖቱ ነው፤ እሱን ደግሞ በቃሏ ታውቀዋለች። በዚህ ዕድሜዬ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሌላው ሁሉ የጠየቀኝ ካቶሊክ ምን እንደሆነ ነው። አፈርኩ፣ ፈራሁም። ነገር ግን «ስታድጊ ይገባሻል» ብዬ ላልፋት አልፈለግሁም።

ፊቴን አየችና እጄን ያዘችኝ። «አብሽሩ» አለችኝ፣ ያደገችበት አገር ሰው ሲያጽናና እንደሚለው። «መካነ ሰላም ገና ሩቅ ነው።»

«እንግዲያው እውነቱን ነው የምነግርሽ» አልኳት። «ያላመንኩባቸውን ዓመታት ጭምር።»