ባልየው ያልተሳፈረበት በረራ

በጎ ፈቃደኛ አብራሪ መሆን ደስ ይላል የሚለኝ ሰው ያበሳጨኛል። እንጀራዬ መልካ ወረር ነው፤ ጥጥ እርሻ ላይ ከአየር ፀረ ተባይ እረጫለሁ። ሥራ በሌለኝ ቀን ደግሞ አዋሽ ከተማ ዳር የምትቆም ባለ አራት ወንበር አውሮፕላን ይዤ፣ መኪና በማይገባበት ቦታ የታመመ ሰው ካለ እሄዳለሁ። ደስታውን የሚያወሩት እዚያ ያልሄዱት ናቸው።

ባለፈው ክረምት አዋሽ ወንዝ ሞልቶ መንገድ ቆረጠ። ከገዋኔ ወዲያ ባለች መንደር አንዲት ሴት ምጥ ጠንቶባት ሰመራ ሆስፒታል መድረስ አለባት ተባለ። ነርስ ይዤ ሄድኩ። ማረፊያው ጭቃ የበዛበት አጭር ሜዳ ነው። ወንበር ነቅለን አስተኛናት።

ባሏ ሊሳፈር እግሩን አነሳ።

«ወንድሜ፣ ሜዳው አጭር ነው። ክብደት ከጨመርን አንነሳም» አልኩት።

ድሮ የጥጥ እርሻ ጥበቃ ስለነበር አማርኛ ይችላል። አልተከራከረኝም። የሚስቱን እጅ ይዞ ቆየና «በአላህ፣ አደራህን» አለኝ።

የሚሌን ከተማ እንዳለፍን ሴትዮዋ ሞተች፤ ከነፅንሷ። ነርሷ ያላደረገችው ነገር የለም። ሰመራ ሐኪሞች አይተው አረጋገጡ። ቀብሩ በዚያው ቀን መሆን ስላለበት ይዘናት ወደ መንደሯ ተመለስን። መንገዱን ሁሉ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ባልየው ቶሎ መመለሳችንን ለደህና ወስዶት ኖሮ ፊቱ ፈክቶ መጣ። ነርሷ ከአስከሬኑ ጋር ውስጥ ቆየች፤ እኔ ወረድኩ። እዚያ አገር ከመንገድ የመጣ ሰው ዳጉ አለበት። ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይናገራል፤ ከዚያ ተራው የሌላው ነው። መዋሸትም መዝለልም ነውር ነው። ባልየው ዱላውን አጋድሞ ተቀመጠና ጠየቀኝ። ሬሳ ይዤ የምን ወሬ ነው? ግን ወጋቸው ነውና ተቀመጥኩ።

ከተነሳንበት ጀምሬ ነገርኩት። ሚሌ ጋ ስደርስ ወደ አውሮፕላኑ ዞርኩ። አላቋረጠኝም፤ እስክቀጥል ጠበቀኝ። ስጨርስ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለና አንገቱን ደፋ።

ቀጥሎ ተራው የእሱ ሆነ።

«ውሃው ትንሽ ጎድሏል» አለ፣ እንባው እየወረደ። «ልጄ ቤቱን አጽድታለች። ለእናቷ ሰሌን አንጥፋለች። የፍየል ወተት አልባለች። አውሮፕላኑን ሰምታ እየመጣች ነው።» እንባውን በእጁ ጠረገና «ያየኸው አንተ ነህ። አንተ ንገራት» አለኝ።

ልጅቷ ወተቱን ይዛ ደረሰች። አባቷ መሬት መቀመጡን ስታይ እሷም ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አማርኛ አትሰማም። እኔ ተናገርኩ፤ አባቷ ደግሞ የሚስቱን ሞት ከአፌ እየተቀበለ፣ ምንም ሳይዘል፣ በአፋርኛ ለልጁ ነገራት።