ከጸሎቷ የወጣችው ሴት

ልጄ ፊልም ትጽፋለች። የምትጽፈው ስለ ሰው ሐሳብና ስለ ዓይኑ ነው። በአንዱ ፊልሟ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ በቀኝ ዓይኑ ዛሬን፣ በግራው ትናንትን ያያል። ብዙም አይገባኝም። እንጀራዋን ስለሰጣት ግን አምላኬን አመሰግናለሁ።

አዲሱ ፊልሟ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ለቤተሰብ ይታይ ነበርና ሦስት የማኅበር እኅቶቼን ከገላን ይዤ ሄድኩ። «የልጄን ሥራ እዩልኝ» ብዬ የለመንኳቸው እኔ ነኝ።

ፊልሙ ላይ አንዲት እናት መጽሐፏን ይዛ ቆማ ትጸልያለች። ጸሎት አይቋረጥምና ልጆቿን የምታዝዘው በእጇ ነው፤ ወደ ምድጃው እየጠቆመች «እምም!» ትላለች፣ ድስቱን አውርዱ ለማለት። ሰው ሁሉ ሳቀ። በየቤቱ ያለ ነገር ነው።

ከዚያ ከሴትዮዋ ውስጥ እሷኑ የመሰለች ሌላ ሴት ወጣች። አንደኛዋ ቆማ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ሁለተኛዋ ደረጃውን ወርዳ የጎረቤት ድስት ከፍታ ታያለች፤ የማኅበር ጓደኛዋን አዲስ ቀሚስ እየዳሰሰች «ይሄን ደግሞ ከየት አመጣችው?» ትላለች፤ የቃሊቲ ሚኒባስ ላይ ከረዳቱ ጋር ትጨቃጨቃለች። ጸሎቱ ሊያልቅ ሲል እየሮጠች መጥታ ትገባለች።

እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ልጄ «እማዬ፣ ስትጸልዪ ሐሳብሽ የት ይሄዳል?» ብላኝ ለእሷ ብቻ ብዬ የነገርኳት ነው። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

ስንወጣ አንዷ እኅቴ ጎኔን ነካ አድርጋ፣ «ቀሚሱ የእኔ ነው መሰለኝ» አለችኝ።

«ያንቺን ቀሚስ ደግሞ ማን ይመኘዋል?» አለቻት ሌላዋ።

ከሦስቱ በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ተቆጡ። «ዝም በሉ እናንተ። እኔ ቅዳሴ ቆሜ ስንቴ መርካቶ ደርሼ ተመልሻለሁ።»

ሦስቱም ሳቁ። እኔ ቀና ማለት አቃተኝ።

ልጄ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። «አሳፈርኩሽ አይደል? ሳልጠይቅሽ መጻፍ አልነበረብኝም። ዳይሬክተሩን እለምነዋለሁ፤ ቅዳሜ ሳይከፈት ይቆረጣል።» ያለዚያ ክፍል ፊልሙ ፊልም እንደማይሆን እኔም አይቻለሁ።

አስቆርጪው ልላት ነበር። ግን ያቺን ወጥታ የምትዞረውን ሴት እግዚአብሔር ዕድሜዬን ሙሉ ሲያያት ኖሯል። አንድም ቀን አላፈርኩም። ሦስት ሴቶች ሲያዩዋት ነው ፊቴን የሸፈንኩት። ይህን ሳስብ የባሰ አፈርኩ።

«ተዪው» አልኳት።

«ሴትዮዋ ማን ናት ብለው ቢጠይቁኝስ?»

«እናቴ ናት በያቸው።»