ኦሮራ ላይ በረዶ የሆነው ባትሪ

ከንጋቱ 12፡30፣ ግሌንዴል

ከአፓርታማችን ስንወጣ ገና ጎሕ አልቀደደም። የመኪናዋን መስታወት በረዶ ስፍቅ ባለቤቴ ሰናይት የእንቁላል ሳንድዊችና ቴርሞስ ይዛ ገባች። ኅዳር ላይ ጎረቤት ከተማ ኦሮራ፣ የማቆሚያ ግቢ ውስጥ የተውነውን ሞተርሆም ልናወጣ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ኤርፖርት ዊልቸር እየገፋሁ ሰው ሳሳፍር ኖሬ፣ ባለፈው በጋ አሮጌም ቢሆን የራሳችንን ተሽከርካሪ ቤት ገዛን። አሁን ጥር ላይ የአሥር ቀን ፈቃድ አለን፤ ሐሳባችን ወደ አሪዞና ሙቀት መውረድ ነው።

"ባትሪውን ቻርጅ ያደረግከው መቼ ነው?" አለችኝ።

"ሁሉን አጥፍቼ ነው የቆለፍኩት። ምን ይበላዋል?"

1፡15፣ ኦሮራ

ግቢው ጠጠር ሜዳ ነው። ሸራ የለበሱ ጀልባዎች፣ ጎማቸው በረዶ የዋጠው ተጎታች ቤቶች። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። የሞተርሆሙን በር ከፍቼ መብራት ብጫን ጨለማ ነው። ቁልፉን ባዞር ድምፅ የለም።

መኪናችንን አፍንጫ ለአፍንጫ ፓርክ አደረግኩና ከባትሪ ወደ ባትሪ ኃይል የሚያሻግረውን ጃምፐር ኬብል አወጣሁ። ሰናይት በስልኳ እያበራችልኝ የሞተርሆሙ ባትሪ ላይ ጎንበስ አለች። የኬብሉን አንድ ጫፍ መኪናችን ላይ አስሬ ሌላውን ወደ ሞተርሆሙ ሳስጠጋ፣ ከኋላዬ አንድ እጅ ክንዴን ያዘ።

"ልጄ፣ አታስነካው" አሉ ሰውዬው በአማርኛ።

ጋሽ ወርቁ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና መካኒክ። የራሳቸውን ተጎታች ቤት ሊያዩ መጥተው ስናወራ ሰምተውናል። ኬብሉን ከእጄ ወስደው ከመኪናችንም ፈቱት። ከዚያ ባትሪውን አሳዩኝ። ጎኑ አብጧል፤ ጥጉ ላይ ተሰንጥቆ፣ በስንጥቁ ውስጥ በረዶ ይታያል። ደነገጥኩ።

"ባዶ ባትሪ ውስጡ ውሃ ነው፤ ይረጋል" አሉ። "ሞልቶ ቢሆን ይኼ ብርድ ምንም አያደርገውም ነበር። በረዶ የሆነውን ቻርጅ አደርጋለሁ ካልክ ግን ይፈነዳል።"

"እኔ እኮ ሁሉን አጥፍቼ ነበር፣ ጋሼ።"

"ጠፋ ያልከው ሁሉ አልጠፋም። የሞተሩ ኮምፒውተር አለ፣ የጋዝ ማስጠንቀቂያው አለ፤ ክረምቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ እያሉ ይጠጡታል። ወይ ገመዱን ፈተህ ባትሪውን ቤት ታስገባና በየወሩ ቻርጅ ታደርጋለህ፣ ወይ ጣሪያው ላይ ትንሽ ሶላር ታስራለህ።"

መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይቺን የግራ ዓይኔን አየሃት? ሰው ሠራሽ ናት። እንዲህ ባለ ጠዋት፣ እንዲህ ያለ ባትሪ ፈንድቶ ነው የሄደችው። መካኒክ ሆኜ፣ እያወቅኩ፣ ቸኩዬ።"

እጃቸውን ያዝኩ።

4 ሰዓት፣ የመመለሻ መንገድ

አሪዞና ለዛሬ ቀርቷል። ጋሽ ወርቁ ያበጠውን ባትሪ በጥንቃቄ ፈተው ገለል አድርገውልናል፤ አዲሱን ይዘን ነገ እንመለሳለን። ሰናይት ሳንድዊቹን ቆርሳ ሰጠችኝ፤ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጥኩት። ትራፊክ መብራት ላይ ቆመን ዞር ብዬ ሳያት ነው ነገሩ የገባኝ። እኔ እጄን ብቻ ነበር የዘረጋሁት። ባትሪው ላይ የተደፋው የሷ ፊት ነበር።

ነዳጅ ማደያ ገብቼ መኪናዋን አቆምኩ።

"ምን ሆንክ?"

"ጎንበስ ብለሽ ነበር" አልኳት። "መብራቱን ይዘሽ።"

ወርዳ በኔ በኩል በሩን ከፈተች።

"ተነሳ፣ እኔ ልንዳ" አለች።

እስከ ግሌንዴል ድረስ እሷ ነዳች፤ እኔ ቴርሞሱን ይዤ ጎኗ ተቀመጥኩ።