አማካዩን መሃል ሜዳ እንዴት እንዳስገባሁት

ስለ ኳስ ከማውራቴ በፊት ማን እንደሆንኩ ይታወቅልኝ። የአሠልጣኝነት ወረቀት የለኝም፤ ወረቀት ያላቸው ግን ሲቸግራቸው እኔን ይጠይቃሉ። ትምህርቴን የተከታተልኩት አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ከማን አንሼ በሚባለው የተመልካች ቦታ ቆሜ ነው። የቀረውን ከሬዲዮ ሰማሁ፤ ሬዲዮ ያላወቀውን ራሴ ደረስኩበት። ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አርባን ያለፉ አበሾች የሚጫወቱበትን የጤና ቡድን ለብዙ ዓመታት ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ። "የጤና" የሚለውን ስም ያወጣልን ሰው ስንጫወት አላየንም። ተጫዋቾቼ በእግራቸው መጥተው እያነከሱ ነበር የሚመለሱት።

ለእንጀራዬ ደግሞ እዚያው አቅራቢያ ባለችው አሌክሳንድሪያ የአንድ ሆቴል ፓርኪንግ ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አሥር አካባቢ አንድ አጭር፣ ዝምተኛ ኔፓላዊ እኔ ዘንድ ተቀጠረ። እንደኛው ዲቪ ደርሶት የመጣ፣ አርባዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። አንድ ቀን የእንግዳ ልጅ ኳስ ከመኪና ወርዳ ቁልቁለቱን ስትንከባለል መጣች። ሌሎቹ ሠራተኞች ኳሷን አዩ፤ እኔ የሰውየውን አንገት አየሁ። ሳትደርስበት ግራ ቀኙን ቃኘ፣ ከዚያ በአንድ ንክኪ በምሰሶዎቹ መሃል ልጁ እግር ሥር መለሳት።

"የት ነው የተጫወትከው?" አልኩት። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ኮልታፋ ስለነበር በደንብ ተግባባን።

"ካትማንዱ፣ ለፖሊስ። ኋላም ለብሔራዊ ቡድን።"

"አማካይ ነበርክ።"

"በምን አወቁ፣ ቦስ?"

"አንተ ተጫወትክ፤ እኔ አየሁ። የሚያውቀው የሚያይ ነው።"

የእነሱም አገር ነገር እንደኛው ነው። ፖሊስ ሆኖ ሌባ ይዞ አያውቅም፤ ማዕረግ የተጨመረለት ኳስ በማቀበል ነው። ከትልልቅ አገሮች ጋር ሲገጥሙ ሥራው ኳሷን እግሩ ሥር ማቆየት ነበር፤ እነሱ ዘንድ ካለች ጎል ትሆናለቻ። ዲቪው ሲደርሰው ሕፃን ልጁን ታቅፎ አውሮፕላን ላይ ወጣ። የስንብት ጨዋታ እንኳ አልተደረገለትም። ያቺ ሕፃን አድጋ ለትምህርት ቤቷ ኳስ ትጫወታለች፤ አባቷ ብሔራዊ ተጫዋች ነበርኩ ሲል ትስቃለች። ፎቶ ሲያሳያት፣ "ይሄ ቆመህ ነው እንጂ ስትጫወት አይደለም" ትለዋለች።

ሐኪሞች ጉልበቱን በበጋው መጨረሻ ኦፕራሲዮን ሊያደርጉት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ኳስ የለም ብለውታል። የለመነኝ አንድ ነገር ነው። "አንድ ጊዜ ብቻ፣ መሃል ሜዳ ላይ፣ እሷ እያየች።"

ቀላል ነው፤ ችግሩ መሃል ሜዳው ባለቤት ነበረው። ማሊያ የሚገዛልን ባለሬስቶራንት አሥር ቁጥርን ለብሶ ኳሷ ወደ ሄደችበት ሁሉ ይሮጣል፤ የሚደርሰው ከሄደች በኋላ ነው። ከጨዋታ በኋላ ደግሞ ክትፎ ያበላናል። ክትፎውን የበላህለትን ሰው እንዴት ተቀመጥ ትለዋለህ? ተጫዋቾቹ "ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩት እንጂ" ብለው ሸሹ። ኔፓላዊውን ለጊዜው ግራ ተከላካይ አደረግሁት፤ ኳስ የሚያቀብለው ጠፋ። ስሙንም "ህንዱ" አሉት። ኬንያዊ ናችሁ ሲሏቸው የሚቆጡት እኮ እነዚሁ ናቸው።

ከአሌክሳንድሪያ አበሾች ጋር የምናደርገው ዓመታዊ ጨዋታ ሲደርስ ሬስቶራንቱ ሄድኩ።

"የዘንድሮው የክብር እንግዳ አንተ ነህ" አልኩት።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ተጫዋች ነኝ።"

"ተጫዋችማ ሞልቷል፤ የጠፋው ዋንጫ የሚሰጥ ሰው ነው። ፎቶ አንሺም ይመጣል።"

ፎቶ አንሺ ስል ሽርጡን ፈታ። "ሱፍ ነው የሚለበሰው?"

"በቁምጣ ዋንጫ የሚሰጥ የክብር እንግዳ አይተህ ታውቃለህ?"

በዚያ ሙቀት ሱፍ ከነሰደርያው ለብሶ መጣ። ሁለቱንም ቡድን ጨበጠ፣ ስለ ስፖርትና ስለ አንድነት ረጅም ንግግር አደረገ፣ ድንኳኑ ሥር ተቀመጠ። ኔፓላዊው መሃል ሜዳ ቆመ። ከአሌክሳንድሪያዎቹ አንዱ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ጋሼ፣ ሰው አልቆባችሁ ነው ከሂማላያ ያስመጣችሁት?" አለ።

"የእናንተው ጎረቤት ነው፤ ሠፈራችሁን ስለማታውቁ ነው" አልኩት።

ሰውዬው አልሮጠም፤ ኳሷን ነው ያስሮጣት። አጥቂያችን ታክስ የሚሠራልን ሰው ነው። በዕድሜው እንዲህ ያለ ኳስ ደርሶት ስለማያውቅ በመጣችለት ቁጥር ይደነግጣል። አማካዩ ይዟት የመጣት ልጁ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ክንዷን አጣምራ ነበር የቆመችው። በኋላ ማዳመጫውን አወለቀች።

በእረፍት የክብር እንግዳው ጠራኝ። "ጋሼ፣ ትንሽ ልግባ? ቁምጣዬ መኪና ውስጥ አለ።"

"ዋንጫ ሳትሰጥ ሱፍ ብታወልቅ ሰው ምን ይላል?"

ይህን ጥያቄ የማይፈራ አበሻ አልተወለደም። ላቡን ጠርጎ ተቀመጠ።

ከእረፍት በኋላ ልጅቷ መስመሩ ድረስ ወጥታ አጥቂያችንን በእንግሊዝኛ ትቆጣው ጀመር። "አትሽሽ! ቁምለት፣ እሱ ያመጣልሃል!"

"ጋሼ፣ ይቺ የማን ልጅ ናት?" አለኝ እያለከለከ።

"የአማካዩ። ያለችህን አድርግ።"

ቆመለት፤ ኳሷ መጣች፤ አገባ። ጨዋታው አንድ እኩል ስላለቀ የክብር እንግዳው ሁለቱን አምበሎች የዋንጫውን አንድ አንድ ጆሮ አስይዞ ፎቶ ተነሣ። ልጅቷ የአባቷን ታኬታ ይዛ ወደ መኪናው ስትሄድ፣ "ለፖሊስ ስትጫወት ከጎንህ የነበረው ማን ነው?" ስትለው ሰማሁ። መንገር ጀመረ። እኛ ክትፎ በልተን ስንመለስ እዚያው ቆመዋል።

የሚዘረዝርልኝ ስለሌለ ያከናወንኩትን ራሴ ልዘርዝር። ባለሬስቶራንቱን ሳላስቀይም አስቀመጥኩት፤ ፎቶውን እንዲያውም አሳድጎ ካሸሩ በላይ ሰቅሎታል። ታክስ ሠሪውን መቆም አስተማርኩት፤ በልጅቷ አፍ ቢሆንም አስተማሪው እኔ ነኝ። ኔፓል የሚባል አገር መኖሩን ለአንድ ሙሉ ቡድን አሳወቅሁ። ካትማንዱ የነፈገችውን የስንብት ጨዋታ ለብሔራዊ አማካይዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ አደረግሁለት፤ ልጁ መስመሩ ላይ ቆማ፣ እሱ መሃል ሜዳ።