የየኔታ ድልድይ አዲስ ስም

አባቴ ቄስም የዜማ መምህርም ነበሩ። ፊደል የቆጠርኩት ከእርሳቸው ዘንድ ስለሆነ እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው «የኔታ» ነበር የምላቸው። ከቤታችን በታች፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ገበያ በሚያደርሰው መንገድ ላይ አንዲት ወንዝ አለች። ክረምት ሊገባ ሲል ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ይወርዱና የባሕር ዛፍ ግንድ ያጋድሙባት ነበር። ሰዉም ግንዱን «የየኔታ ድልድይ» ይለው ነበር።

እኔ አድጌ ማዘጋጃ ቤት የጽሕፈት ሥራ ያዝኩ። ሞባይል ወደ ከተማችን በገባበት ሰሞን በግንዱ ቦታ የሲሚንቶ ድልድይ ተሠርቶ አለቀና ስም ለማውጣት ስብሰባ ተጠራ። ባሕር ማዶ ያለች አንዲት ከተማ በቅርቡ የከተማችን እህት ከተማ ሆና ስለነበር በእሷ ስም ይሁን ተባለ። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነበርኩ። ድልድዩ ስም አለው ማለት ስችል አንገቴን ደፍቼ ጻፍኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለየኔታ ሳልነግራቸው ሰነበትኩ። የምረቃው ቀን እንዲባርኩ ተጋብዘው ነበርና አዲሱ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ሲገለጥ ከሕዝቡ ጋር አብረው አዩት። ፊታቸውን ሰርቄ አየሁ፤ ቅያሜ አላገኘሁበትም። መስቀላቸውን እንደያዙ ወደ እኔ ዘወር ብለው የከተማዋ የክርስትና ስም ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሰውን በጸሎት የሚያስቡት በክርስትና ስሙ ነው፤ ለከተማም ያው መስሏቸዋል። አጠገባችን የቆመው ሹም ሳቁን አፈነ። ከተማ ክርስትና አትነሳም አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና እንግዲያው በዓለም ስሟ ይሁን ብለው፣ ያን ምላስ የሚያስር ስም ሦስት ጊዜ አስደግመውኝ ጸለዩላት።

ወደ ቤት ስንመለስ አላስቻለኝም። በስብሰባው ዝም ማለቴን፣ ስማቸውን አሳልፌ መስጠቴን ነገርኳቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆም አሉ።

«ልጄ፣ እሷን እኔ ካልጠራኋት እዚህ አገር በጸሎት ማን ይጠራታል?» አሉኝ። «እኔንማ አንተ አለህልኝ።»

እሺ የኔታ አልኳቸው። የቤተ ክርስቲያን ደጅ ከረገጥኩ ዓመት አልፎኝ ነበር። የአባቴን የክርስትና ስም እንደማላውቅም የገባኝ ያኔ ነው፤ እንዲህ ያለ ስም በየመንገዱ አይጠራም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም። እርሳቸውን መጠየቅ አፈርኩ። በማግስቱ ሥራ ከመግባቴ በፊት እናቴን ጠየቅኳት።