ድንጋይ የሚበላው ሬዲዮ

አራዳ፣ ከአያ ዳኛው ሬዲዮ መጠገኛ ደጃፍ ያኔ ብዙ ጊዜ አገኛት ነበር። ስሟን አላውቅም። ሬዲዮዋን እንደ ሕፃን በነጠላዋ ጠቅልላ ትመጣለች፤ የደከሙትን የባትሪ ድንጋዮች ትንሽ ነፍስ እንዲዘሩ ፀሐይ ላይ ደርድራ፣ ጥቁር ቀሚሷን ሰብስባ አጠገባቸው ትቀመጣለች። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካለፈ አፍንጫዋን ትሸፍናለች።

በዚያ የአብዮት ዘመን ሰው ሁሉ ሌላ እንዳይሰማበት ሬዲዮውን ከጆሮው ለጥፎ ነበር የሚሰማው። እሷ ግን «ከፍ ሲል ከአጥር ውጭ ይሰማልኝ ይሆን?» እያለች ትጠይቃለች።

አንድ ቀን መጠገኛው ውስጥ ተቀምጬ፣ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ደጃፉ ላይ ቆሞ ከመንገደኛ ጋር ሲያወጋ መጣች።

«አያ ዳኛው፣ ምነው ድንጋዩ እንዲህ ቶሎ አለቀብኝ? አዲስ ነበርኮ።»

አያ ዳኛው ሬዲዮውን ፈታታው፤ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነካካ። ብልሽት አላገኘበትም።

«ከቤት ስትወጪ ትዘጊዋለሽ?»

«እንዴት ተደርጎ!» አለች ደንገጥ ብላ።

«ብቻዬን ነው የምኖረው ትይ የለ? ማን ሊሰማው ነው?»

ነጠላዋን ስታስተካክል ከጫፉ ቋጠሮ አንዲት ፍሬ ሲጋራ ወደቀች። ቶሎ ብላ በቀሚሷ ዘርፍ ሸፈነቻት። አብዮት ጠባቂው ዞር ብሎ ወደ ውስጥ ተመለከተ።

አያ ዳኛው ሲጋራዋን አይቷት ነበር፤ የሬዲዮውን ክዳን እየመለሰ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አሮጌ ሬዲዮ ድንጋይ ይበላል፤ ምን ይደረግ!»

ከመደርደሪያው አዲስ ድንጋይ አውርዶ በእጇ አስጨበጣት። ጎንበስ ብሎ «አትዝጊው፤ የቤቱን ኮሽታ ይሸፍናል» ሲላት የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።